በስልክ የማይነገር

ሰኞ፣ የካቲት

ሰይድን የገደለው እንቅልፍ አይደለም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ፖሊሱ «እንቅልፍ ወስዶት ነው» አለ፤ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ተቀበለው፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ባሌ ግን ራሱን ይስት ነበር። አንዴ እቤት፣ መታጠቢያው ደጃፍ ላይ። ሌላ ጊዜ ቡርንስቪል፣ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ። አረንጓዴው በራ፣ ከኋላችን ጡሩንባ ተነፋ፣ ሰይድ ዓይኑን ከፍቶ ምንም አያይም።

ሲመለስለት «ሐኪም ከሰማ ላይሰንሴን ይወስዱብኛል» አለኝ። «ያለ መኪና ሻኮፒ እንዴት እደርሳለሁ? አደራ፣ ለሰው እንዳታወሪ።» እሺ አልኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሻኮፒ ካለው መጋዘን የሌሊት ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ መኪናው ከመንገድ ወጣ። ሌላ ሰው አልተጎዳም፣ አልሃምዱሊላህ። እሱ ግን አልተረፈም።

ይህን ያህል ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ ለምን ጻፍኩት? ያን ዓይን ዛሬ እንደገና ስላየሁት ነው።

የምሠራው ሴይንት ፖል ውስጥ ነው፣ ሚስተር ኢቨርሰን የሚባሉ ሽማግሌ ቤት። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው አድራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሌላ ሴት ትተካኛለች። ምግብ፣ መድኃኒት፣ ገላ ማጠብ፣ ደረጃ ሲወጡ ክንዳቸውን መያዝ። በወጣትነታቸውም በጉልምስናቸውም ስማቸው የገነነ የኦርኬስትራና የኦፔራ መሪ ነበሩ። ቤታቸው የሚገባ የሚወጣው ሁሉ «ማኤስትሮ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። የፊታችን ቅዳሜ ለብዙ ዓመት የመሩት ኦርኬስትራ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲመሩት ጠርቷቸዋል። ከጠሯቸው ጀምሮ ልጅ ሆነዋል። መነጽራቸውን አይጥሉም፣ ሾርባውን አያማርሩም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ሲዲውን ከፍተው ሳሎኑ መካከል ቆሙ። ቀጭኗን በትር ያዙ። እኔ ሶፋው ላይ ፎጣ አጥፋለሁ። ሁለት እጃቸውን ከፍ አድርገው አንድ ረጅም ድምፅ ያዙ። ሙዚቃው ሄደ፣ እጃቸው እዚያው ቀረ። ቀና ስል ዓይናቸው ክፍት ነው፣ ሰው ግን የለበትም። ፎጣውን ጥዬ ደረስኩባቸው፤ ሶፋው ላይ ተቀበልኳቸው። ቀላል ናቸው፣ የወፍ ያህል።

ሲነቁ መጀመሪያ ያሉት «የት ደረስን?» ነው። ሙዚቃውን ማለታቸው ነበር።

ቀጥለው «ለካረን አትንገሪያት» አሉኝ። ካረን ልጃቸው ናት፣ ያለቻቸው እሷ ብቻ፣ ኑሮዋ ቺካጎ። «እስከ ቅዳሜ ብቻ። ከቅዳሜ በኋላ ለጋዜጣም ንገሪ።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ለእኔ ከመተንፈስ ይቀላል። ደክሞኛል።


ማክሰኞ

ካረን ሁልጊዜ በእራት ሰዓት ትደውላለች። ትናንት «አባቴ እንዴት ነው?» አለች፣ «ደህና ናቸው» አልኩ። ዛሬም ጠየቀች፣ ዛሬም ደህና ናቸው። አፌ ራሱ ነው የሚለው። አገር ቤት ካርድ ፍቄ ስደውል እናቴም ከአልጋ ሳትነሳ «ደህና ነኝ፣ ሁላችንም ደህና ነን» ነበር የምትለኝ። ክፉ ነገር በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን በባዕድ ቤት ቆሞ መርዶ አይሰማም።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ካረን ሐሙስ ከሰዓት ትመጣለች። ምግብ አቀርብላታለሁ፣ ትበላለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብዬ በቀስታ እነግራታለሁ። ሐሙስ ሩቅ አይደለም።

ማኤስትሮ ዛሬ ደህና ዋሉ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ዓይን ዓይናቸውን ሳይ ዋልኩ። «ሲኒ የሰረቅሁ አስመሰልሽኝ» አሉኝ።

ስለ እሳቸው የተጻፈውን ወፍራም መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ይዤ እያነበብኩ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት ትንሽ ነው፤ ፊደል ከወንድሜ ደብተር ላይ ቃረምኩ፣ እንግሊዝኛውን እዚህ ከቤተ መጻሕፍት። ቀን አንድ ገጽ፣ ከሆነልኝ ሁለት። የተወለዱት ዴንማርክ ውስጥ በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ነው። አባታቸው ፒያኖ ቃኚ ነበሩ፣ በየሰው ቤት እየዞሩ። ልጁ ዕቃ ይሸከም ነበር። አድገው ኦፔራ ቤት ተቀጠሩ፤ መሪ ሆነው አይደለም፣ ዘፋኞቹ ሲለማመዱ ፒያኖ የሚመታላቸው ሰው ሆነው። ማንም የማያየው ሰው። አንድ ማታ ዋናው መሪ ታመመ፣ ወጣቱ ተተካ፣ ከዚያ በኋላ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ደቡብ አሜሪካ። እንዲህ ይላል መጽሐፉ።

ገጹን አሳየኋቸው። ሳቁ።

«አልታመመም! ዘፋኙ ላባ ያለው ትልቅ ባርኔጣ አደረገ። መሪው አውልቅ፣ ዓይንህን ማየት አለብኝ አለው። ዘፋኙ አላወልቅም አለ። መሪው ኮቱን ለብሶ ወጣ። እኔን ለዚህ ያበቃኝ የዶሮ ላባ ነው።»

«ታዲያ እርስዎ ባርኔጣውን አስወለቁት?»

«እኔማ ለባርኔጣው ነው የመራሁለት። ላባው ሲነቃነቅ ትንፋሽ ወሰደ ማለት ነው።»

ወደ ሚኒሶታስ እንዴት መጡ አልኳቸው። «ለአንድ ክረምት ነበር» አሉ። «ክረምቱ አላልቅ አለ።»

ማታ የሰይድ እህት እትዬ ሉባባ ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ደወለች። እዚህ አገር ያለችኝ ዘመድ እሷ ብቻ ናት። ለእኔና ለሰይድ አላህ ልጅ አልሰጠንም።

«አንቺ፣ ያ ዱላ የሚያወዛውዘው ሽማግሌሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ናቸው፣ እትዬ።»

«ዘፈን ቤት ውስጥ እያደርሽ ሶላትሽን እንዴት ነው የምትሰግጂው?»

«ፎቅ ላይ እሰግዳለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ሙዚቃውን ራሳቸው ናቸው የሚዘጉልኝ።»

«እውነት? ከኔ ጎረቤት ይሻላሉ በይ።»

ትስቃለች። ከዚያ እንደ ልማዷ ድምፅዋ ይወርዳል። ዛሬም በሻኮፒ በኩል ድራይቭ አድርጌ አለፍኩ አለች። ያንን የሌሊት ሺፍት ለሰይድ ያስገኘችለት እሷ ናት፣ አለቃውን ታውቀው ነበር። «በእጄ ነው ያስገባሁት፣ ዘሃራዬ። ቀን ቢሠራ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። ወንድሜን የበላሁት እኔ ነኝ።»

«ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው፣ እትዬ» አልኩ። ሁልጊዜ የምላት ይህንኑ ነው። እሷን የማጽናናት ይመስላታል።


ረቡዕ

ወጣቷ ዘፋኝ ቅዳሜ የምትዘፍነውን ልትለማመድ መጣች። ከአንድ ኦፔራ መጨረሻ ላይ፣ አንዲት ሴት ስትሰናበት። ፒያኖ የሚመታ ሰውም አብሮ መጣ። ሻይ አቀረብኩና ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። አንድም ቃል አልገባኝም፣ ግን ጀርባዬን በረደኝ።

ማኤስትሮ ሰው ሲያስተምሩ መስማት ደስ ይላል። አይቆጡም። ልጅቷ አንዱ ቦታ ላይ ቶሎ ትገባለች። «እጄን አትይ» አሏት። «እጅ ለታዳሚው ነው። አንቺ ትንፋሼን እይ። እኔ ካንቺ ቀድሜ እተነፍሳለሁ፣ አንቺ በእኔ ትንፋሽ ትገቢያለሽ፣ ኦርኬስትራው ደግሞ ባንቺ።» ደረታቸው ሞላ፣ የልጅቷም ሞላ፣ ገባች። አብረው። እውነትም እጅ አያስፈልግም።

ግን ያ ረጅም ድምፅ ሲመጣ እጃቸውን ከፍ አድርገው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እዚያ ላይ ከንፈራቸው አመድ መሰለ። ወንበር ያዙ፣ ተቀመጡ።

«ማኤስትሮ?» አለች ልጅቷ።

«እርሳሴ... እርሳሴ የት ሄደ?»

ተነስቼ ከፒያኖው ላይ አንስቼ ሰጠኋቸው። እርሳሱ አልጠፋም ነበር፣ ዓይናቸው ሥር ነበር። እሳቸው ዋሹ፣ እኔ አቀበልኩ። ልጅቷ ፈገግ ብላ ወደ ኖታዋ ተመለሰች።

እንግዶቹ ሲሄዱ ካፖርት ደርቤላቸው መስኮቱ ጋ ተቀመጥን። በረዶ ይጥላል። ሐኪም ልጥራ አልኩ፣ አይሆንም አሉ። ለካረን ልንገራት አልኩ፣ አይሆንም አሉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ስለ ባለቤታቸው አወሩኝ። ሚስታቸው ዘፋኝ ነበሩ። ታመው አንዲት ከተማ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ ማኤስትሮ ሌላ ከተማ ኦፔራ ይመራሉ።

«በእረፍቱ ሰዓት ተደወለ። የቲያትር ቤቱ ኃላፊ ሰማ። መሪውን እስኪጨርስ እንዳትነግሩት ብሎ አዘዘ። የኛ ሥራ ደንብ ነው፣ መድረክ ላይ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። ግን ኦርኬስትራው ሁሉ ሰምቷል። ሦስተኛውን ክፍል ስጀምር ሁሉም ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ዛሬስ እንዴት ነው የሚከተሉኝ ብዬ ደስ አለኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ማታ የተጫወተልኝ ኦርኬስትራ የለም። እሷ ሞታለች፣ እኔ ደስ ብሎኝ እጄን አወናጭፋለሁ። አዳራሹ ውስጥ ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ።»

ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ሳብኩላቸው።

ማታ መጽሐፉ ውስጥ ፈለግኩት። አገኘሁት፣ ግን ሌላ ነው። ሚስታቸው መሞታቸውን እያወቁ ለሥራቸው ክብር ሲሉ ኦፔራውን ጨረሱ ይላል። ጀግና አድርጎ ጽፏቸዋል። መድኃኒት ስሰጣቸው ጠየቅኳቸው።

«ጋዜጦቹ እንደዚያ ጻፉ። ሰዎች ወደዱት። ዝም አልኩ።»

«ካረንስ?»

«ካረን ያኔ ሕፃን ነበረች።» ኪኒኑን ዋጡ። «መጽሐፉን ግን አንብባለች።»

መብራቱን አጠፉት።


ሐሙስ

ጠዋት ካረን ከአየር ማረፊያ ደወለች። በረዶው በረራዋን አሰርዟል። ነገ ከሰዓት ነው የምትደርሰው።

ነገ ጠዋት ደግሞ ልምምድ ነው፣ ከሙሉ ኦርኬስትራው ጋር። አዳራሹ ውስጥ፣ ያቺ ከፍ ያለች መቆሚያ ላይ። ካረን አውሮፕላን ውስጥ ሆና እሳቸው እጃቸውን አንስተው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

ዕቃ አጠብኩ። የታጠበውን እንደገና አጠብኩ። ያሰብኩት ምግብ፣ ያሰብኩት ቁጭ ብሎ በቀስታ ማውራት፣ ሁሉም ቀረ። ዝም ብል ቅዳሜ ሳይደርስ ያ ዓይን ይመጣል፣ በሰው ፊት። ስልክ አንስቼ ብናገር ደግሞ ካረን አየር ማረፊያ ውስጥ ብቻዋን ናት። ሁለቱም ክፉ። ከዚያ ትናንት የነገሩኝ ትዝ አለኝ፣ «ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ» ያሉት። አሁን ያልሰማችው ካረን ናት።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወርጄ በሩን ዘግቼ ደወልኩ። ያወራነው ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፤ አንሶላ ሳጥፍ ሁሉ በጆሮዬ ይደውል ነበር።

«ካረን፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ዘሃራ? ምነው?»

«አጠገብሽ ሰው አለ ወይ? የምታውቂው ሰው?»

«አየር ማረፊያ ነኝ፣ ቲኬት እየቀየርኩ። ምን ተፈጠረ?»

«ተቀመጪ። ምሳ በልተሻል?»

ከዚያ ጮኸች። «ሞቷል! ሞቷል አይደል? ንገሪኝ!»

«አልሞቱም! ወላሂ አልሞቱም! ፎቅ ላይ ሾርባ እየጠጡ ነው!»

ከኋላዋ ሰዎች ምን ሆንሽ ሲሏት ይሰማኛል። ታለቅሳለች። እኔም ማጠቢያው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። እኛ እንዲህ ነው የምናረዳው፤ እህል ቀምሷል ወይ ብለን፣ በሰው ከብበን። እሷ አገር ግን እንደዚያ ተብሎ የሚጠየቅ የለም፣ ስለዚህ ሞት መሰላት። ልጠብቃት ብዬ ገደልኳት።

ሲረጋጋላት ነገርኳት። ሰኞ የሆነውን፣ ረቡዕ የሆነውን፣ እርሳሱን ጭምር።

«ከሰኞ ጀምሮ ታውቂያለሽ።»

«አዎ።»

«ሰኞ ማታ ደህና ነው አልሽኝ። ማክሰኞ ማታ ደህና ነው አልሽኝ። ትናንትም።»

«አዎ።»

«እንዴት እንደዚያ ትያለሽ?»

እንደ አገሬ ነው ልላት ነበር። አላልኩም። አገሬ ብቻ አይደለማ። እኔ ነኝ።

ስልኩን ዘግታ ለእሳቸው ደወለች። የማኤስትሮ ድምፅ ከፎቅ እታች ድረስ ይሰማል። ከዚያ ደረጃውን ብቻቸውን ወረዱ፣ መያዣውን ይዘው፣ ሮጬ ክንዳቸውን ልይዝ ብል እጄን ገፉት።

«ጨዋ ሴት ናት ብዬ ነበር» አሉ። «ኦርኬስትራዬን ወሰድሽብኝ። እዚያ ላይ ብወድቅስ? የኔ ቦታ እዚያ ነው። ምን አገባሽ?»

አሁን ነው መልሱ የመጣልኝ፤ ያቺ ዘፋኝ ልጅ ትንፋሽዎን እየጠበቀች ሊወድቁባት ነው ወይ? ማለት ነበረብኝ። ያኔ ግን ወለሉን ብቻ አየሁ።

እራት አልበሉም። የፒያኖውን ክዳን ዘጉት።


ዓርብ

ካረን በስልክ ሁሉን ነገር ጨረሰችው። ለኦርኬስትራው ተናገረች፣ ሐኪም ያዘች። ጠዋት ወደ ልምምድ ሊሄዱበት በነበረው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሄድን። በመንገድ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ወጣት ሐኪም ነው ያያቸው። ልባቸው በጣም ቀርፋፋ ሆኗል፤ አንዳንዴም እስከ ማቆም ይደርሳል፤ ያኔ ነው ራሳቸውን የሚስቱት። ምት የምታስተካክል ትንሽ መሣሪያ ደረታቸው ውስጥ ይቀበራል። ዛሬውኑ። ከዚያ ለሳምንታት ግራ እጃቸውን ከትከሻ በላይ ማንሳት የለባቸውም።

«ሃያሲዎቹ ሁሉ ኢቨርሰን ቀርፋፋ ነው ይሉ ነበር» አሉ ለሐኪሙ። «ልቤንም ሰምተውታል።»

ሐኪሙ አልገባውም። እኔ ሳቅ አመለጠኝ። አይተውኝ ፊታቸውን አዞሩ።

ይዘዋቸው ሲገቡ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጠየቅኩት። መድረክ ላይ ቢሆን ኖሮስ? «ዕድለኛ ናቸው» አለ፣ ሌላ አልጨመረም። ሰይድም እንዲህ ያለ መሣሪያ ይበቃው ነበር ይሆን? ይህን አልጠየቅኩም። ጁምዓ አመለጠኝ፤ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ መስኮቱ ሥር ካፖርቴን አንጥፌ ሰገድኩ። ግንባሬን ከደፋሁበት ከሱጁድ መነሳት አቃተኝ። ከድካምም ነው፣ ከሌላም ነው።

ካረን ከአውሮፕላን በቀጥታ መጣች። አቀፈችኝ፣ ከዚያ ለቀቀችኝ።

«አመሰግናለሁ። ግን በጣም ተናድጄብሻለሁ።»

«ልክ ነሽ።»

«ልክ ነሽ አትበይኝ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ዘሃራ! ከአሁን በኋላ አባቴን ካንቺ ጋር ልተወው እንደምችል አላውቅም። ሰኞ እነግርሻለሁ።»

መሣሪያው ደህና ተቀበረ። እኔ ላያቸው ብል አላስገቡኝም፣ ቤተሰብ ብቻ ነው። አውቶቡስ ይዤ ቡርንስቪል ቤቴ ገባሁ።


ቅዳሜ

የንጋቱን ሱብሂ ሰግጄ ተመልሼ ተኛሁ። ቤቴ ቀዝቅዟል። ምስር ቀቀልኩ፣ አልበላሁትም።

ሥራውን ካጣሁ ኤጀንሲው ሌላ ቤት ይልከኛል። ሰው ይታጠባል፣ ሰው ይበላል፣ ያው ነው። የማኤስትሮን ቤት ግን እፈልገዋለሁ። ለምን እንደሆነ ብጽፍ ያሳፍረኛል። ሰይድ ከሞተ ወዲህ እኔ ያነበብኩትን ምን ይላል ብሎ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ካረን ናት። «ሬዲዮውንና እርሳሱን ይፈልጋል» አለች። ከዚያ «አንቺንም» አለች።


እሑድ

የትናንቱን ልጻፍ። እትዬ ሉባባ ዛሬ ከሥራ ኦፍ ናት፣ ለምሳ ትመጣለች፣ ከዚያ በፊት መጨረስ አለብኝ።

ማኤስትሮ የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸው በጨርቅ ታስሯል። ከቤታቸው ያመጣሁትን ሬዲዮ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩላቸው፣ እርሳሱን ቀኝ እጃቸው ውስጥ።

«ከትናንት ወዲያ ጠልቼሽ ነበር» አሉኝ። «ዛሬም ትንሽ ጠልቼሻለሁ። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ካረን መስኮቱ ጋ ናት። ኮንሰርቱ ከአዳራሹ በቀጥታ ይተላለፋል፤ በእሳቸው ምትክ ረዳት የነበረ ሌላ መሪ ቆሟል። ጭብጨባው አለቀ፣ ሙዚቃው ጀመረ። እርሳሷ በጣታቸው መካከል ትንቀሳቀሳለች። «ሮጠ፣ ሮጠ» ይላሉ። «ማን ያባርረዋል?» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እዚህ ላይ ጎበዝ» አሉ። ካረን ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ዘፋኟ ያለችው ከእረፍቱ በኋላ ነው። በእረፍቱ ሬዲዮ ላይ ያለው ሰው ስለ ማኤስትሮ ሕይወት ማውራት ጀመረ። የባሕር ዳሯ ከተማ፣ ፒያኖ ቃኚው አባት፣ የታመመው መሪ። «ባርኔጣው!» አሉ፣ በዓይናቸውም ጠቀሱኝ። ከዚያ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንን ማታ ተናገረ። ባለቤታቸው መሞታቸውን እያወቁ ኦፔራውን እስከ መጨረሻ እንደመሩ። «እንዲህ ያለ ለጥበብ መሰጠት!» አለ።

ካረንን አየኋት። ፊቷ አልተለወጠም፤ ይህን ብዙ ጊዜ የሰማ ሰው ፊት ነው። እጇ ብቻ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ። እናቴ ሞታ አባቴ መድረኩን መረጠ፣ እንደዚያ ብላ ነው ያደገችው።

ማኤስትሮም አዩዋት። ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም፤ አየኋቸው።

«ካረን፣ ሬዲዮውን ዝጊው።»

«አባዬ፣ ሁለተኛው ክፍል ሊጀምር ነው። ያንተ ዘፋኝ ናት።»

«ዝጊው። ሰውየው የሚለው ልክ አይደለም። እንደዚያ አልነበረም።»

ዘጋችው። ተነስቼ ወጣሁ፣ በሩን ሳብኩት። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ካፖርቴን ስቆልፍ የካረን ድምፅ ተሰማኝ። «ለምን እስከ ዛሬ? ለምን እስከ ዛሬ?» መልሳቸውን አልሰማሁም። ዘፋኟ በዚያ ሰዓት እየዘፈነች ነበር፣ ከተማው ሁሉ እየሰማት፣ ከእኛ በቀር። በሌላ ሰው ትንፋሽ ገብታለች።

ሰኞ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አልነገረችኝም። አልጠየቅኩም።

አሁን ረፋድ ነው። እትዬ ሉባባ መንገድ ላይ ትሆናለች። ስትገባ «ዘሃራዬ» ብላ ትስመኛለች፣ ስለ መንገዱ በረዶ ታማርራለች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ ወንድሜን የበላሁት እኔ ነኝ ትላለች። በቃሌ ልነግራት ሌሊቱን ስዘጋጅ ነበር። አልችልም፤ አፌ ከእኔ ቀድሞ «ቀደር ነው» ይላል። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ የጻፍኩትን ይህን ሁሉ አንድም ገጽ ሳላወጣ እሰጣታለሁ። መነጽሯን ካልያዘች እኔው አነብላታለሁ። ያኔ መዝለል አይቻልም።

ትጥላኝ ይሆናል። ከእሷ በቀር ዘመድ የለኝም። ሰይድን የበላችው ግን እሷ አይደለችም፤ ሺፍቱም አይደለም። መታመሙን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሷ ምንም አታውቅም ነበር። ይህን ማወቅ አለባት፣ ከእኔ ጋር ብትቀርም ባትቀርም።

ይህ ጽሑፍ ለሰይድ እህት፣ ለእትዬ ሉባባ ነው።